በረባሾች ዝርዝር ውስጥ ያለው ተማሪ

ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ፣ ከዚያም አልፎ በመላ አገሪቱ፣ ትምህርት ቤት ገብቶ የወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሰነድ አለ። መምህሩ ከክፍል ሲወጡ ወይም ሲዘገዩ የክፍል አለቃው ከደብተሩ መሐል ወረቀት ገንጥሎ፣ አለዚያም ከጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ በጠመኔ፣ «ረባሾች» የሚል ርእስ ይጽፍና ከሥሩ ስም ይደረድራል። ደጋግሞ የረበሸ ተማሪ ከስሙ ጎን የመደመር ምልክት ይጨመርበታል። መምህሩ ሲመለሱ ዝርዝሩ ይነበባል፤ የተጠሩትም ወጥተው ይንበረከካሉ፣ ወይም ወላጅ አምጡ ተብለው ይሰናበታሉ። ስሙ እንዳይጻፍ ለአለቃው እርሳስ ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ ያቀበለ ተማሪም አይታጣም።

ይህን ሰነድ በፊዚክስ ዓይን ስንመለከተው አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። ማን እንደተናገረ ይመዘግባል፤ ምን እንደተናገረ ግን አይመዘግብም። በቤተ ሙከራ ውስጥ የመለኪያው መርፌ መንቀሳቀሱን ብቻ ጽፎ፣ ወደየት አቅጣጫና ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ሳይጽፍ የመጣ ተማሪ ቢኖር ሪፖርቱን እንመልስለታለን። የረባሾችን ዝርዝር ግን እንዳለ ተቀብለን ቅጣት እንወስንበታለን። ከኋላ ወንበር የሚሰማው ጩኸት ስለ ትናንቱ የእግር ኳስ ጨዋታ ሊሆን ይችላል። በሰሌዳው ላይ በስምንት መስመር የተሠራው ስሌት በሦስት መስመር ሊያልቅ እንደሚችል ለጎረቤቱ የሚያስረዳ ልጅ ድምፅም ሊሆን ይችላል። በዝርዝሩ ላይ ሁለቱ ልጆች አንድ ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሁለተኛው ልጅ ነው። መምህሩ ይህን ልጅ ከሌላው በምን ይለዩታል? ከለዩትስ በኋላ ምን ይስጡት? በፊዚክስ ታሪክ ውስጥ ለእነዚህ ጥያቄዎች እጅግ ጥሩ መልስ የሰጡ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር አሉ። ስማቸው የሚነሣው ግን ከተማሪያቸው ስም ጋር ብቻ ነው።

የፋር ሮክአዌይ መምህር

ሪቻርድ ፋይንማን እ.ኤ.አ. በ1918 በኒው ዮርክ ከተማ ተወልዶ፣ ከከተማይቱ ዳርቻ በባሕር ዳር በምትገኘው በፋር ሮክአዌይ ሰፈር አደገ። ገና በልጅነቱ በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ቤተ ሙከራ አቋቁሞ ሽቦና አምፖል ሲያገጣጥም ይውል ነበር። የጎረቤቶቹን ራዲዮ ይጠግናል። አንድ ጊዜ ከመኝታ ክፍሉ በር ጋር በባትሪ የሚሠራ የሌባ መጠቆሚያ ደወል አገናኘ፤ ወላጆቹ ሌሊት ወደ ቤት ሲመለሱ ከልጃቸው ጆሮ ላይ የራዲዮ ማዳመጫውን ለማውለቅ በሩን ቀስ ብለው ቢከፍቱት ደወሉ ቤቱን አናጋው። ልጁ የደነገጡትን ወላጆቹን ይቅርታ ከመጠየቅ ይልቅ መሣሪያው በመሥራቱ እየጮኸ ከአልጋው ዘለለ። የትምህርት ቤቱ የአእምሮ መለኪያ ፈተና ለዚህ ልጅ የሰጠው ውጤት፣ እርሱ ራሱ በኋላ ይናገር እንደነበረው፣ 125 ነበር። ጥሩ ውጤት ነው፤ የሚያስደንቅ ግን አይደለም።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህሩ አብራም ቤደር ይባሉ ነበር። ልጁ በክፍላቸው ውስጥ ብዙ ያወራል፣ ይረብሻልም። አንድ ቀን ቤደር ከክፍል በኋላ አስቀሩትና ብዙ እንደሚያወራና እንደሚጮኽ፣ ምክንያቱም ትምህርቱ ስለሰለቸው መሆኑን እንደሚያውቁ ነገሩት። ቀጥለውም አንድ መጽሐፍ ሰጡት። መጽሐፉ የፍሬደሪክ ዉድስ «አድቫንስድ ካልኩለስ» ነበር፤ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተዘጋጀ፣ ለብዙዎቹም የሚከብድ መጽሐፍ ነው። ትእዛዙ ግልጽ ነበር። ከክፍሉ የኋላ ጥግ ተቀምጦ ይህን ያጠናል፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሲያውቅ ያን ጊዜ መናገር ይፈቀድለታል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ነገሩን እንመርምር። ቤደር ጩኸቱን አልካዱም፤ ልጁ ጎበዝ ስለሆነ ይረብሽ አላሉም። ሌሎቹም ተማሪዎች የመማር መብት አላቸውና ዝም እንዲል አዘዙት። ነገር ግን ከመቅጣታቸው በፊት የጩኸቱን ምክንያት መርምረው በስሙ ጠሩት። ቅጣቱም ሽልማቱም ያው አንድ መጽሐፍ ሆነ። ከክፍልም አላስወጡትም። ከውጭ ቆሞ በመስኮት የሚያይ ተማሪ ሊማር የሚችለው ከመምህሩ መራቅን ብቻ ነው። ወጪው ሲታሰብ ደግሞ አንድ መጽሐፍና ከክፍል በኋላ የተሰጡ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው።

ከዚያ መጽሐፍ ፋይንማን በኢንተግራል ምልክት ሥር ያለ ፓራሜትርን ዲፈረንሺየት የማድረግን ዘዴ ተማረ። ዘዴው በዘመኑ በዩኒቨርሲቲዎች ብዙም አይሰጥም ነበርና በፕሪንስተንም ሆነ በኋላ በሎስ አላሞስ ባልደረቦቹ ያቃታቸውን ኢንተግራሎች እየፈታ ያስደንቃቸው ነበር። እርሱም ይህ የሆነው የመሣሪያ ሳጥኑ ከሌሎቹ የተለየ ስለነበረ ብቻ እንደሆነ ይናገር ነበር። ሳጥኑን የሰጡት ቤደር ናቸው።

ይሁንና በእኔ ግምት ከመጽሐፉ የሚበልጠው ስጦታ ሌላ ነው። በአንድ ሌላ ቀን ቤደር፣ ልጁ የሰለቸው መስሎ ስለታያቸው፣ አንድ አስደሳች ነገር ልንገርህ ብለው ከሥርዓተ ትምህርቱ ውጭ የሆነ ነገር አጫወቱት። ነገሩ ድንጋይ ወደ ላይ ስንወረውር የሚሄድበትን መንገድ ይመለከታል።

ከተለያዩ መንገዶች አንዱን የሚመርጥ ድንጋይ

በክፍል ውስጥ የተማርነው የኒውተን ሕግ ድንጋዩን ከቅጽበት ወደ ቅጽበት ይከታተለዋል። አሁን እዚህ ነው፤ የመሬት ስበት ይህን ያህል ይጎትተዋል፤ ስለዚህ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እዚያ ይሆናል። ቤደር ለልጁ የነገሩት ሌላውን የማየት መንገድ ነው። የድንጋዩን መነሻና መድረሻ ቦታ፣ የሚነሣበትንና የሚደርስበትንም ሰዓት አስቀድመን እንወስን። አሁን በእነዚህ መካከል ሊኖሩ የሚችሉትን መንገዶች ሁሉ እናስብ፤ ቀጥ ያለውን፣ የጎበጠውን፣ የተጣመመውን ሁሉ። ለእያንዳንዱ መንገድ በየቅጽበቱ፣ በክፍል ካይኔቲክ ኢነርጂ ከምትሉት ላይ ፖቴንሺያል ኢነርጂ የምትሉትን እንቀንስ፤ ልዩነቱን በጥቂቷ የጊዜ ክፍል አባዝተን እስከ መድረሻው እንደምር። ይህ ድምር «አክሽን» ይባላል። ድንጋዩ በእውነት የሚሄድበት መንገድ ይህ ድምር ከሁሉ የሚያንስበት ነው።

ለምን ይጎብጣል? ድንጋዩ ከፍ ቢል የሚቀነሰው ፖቴንሺያል ኢነርጂ ስለሚበልጥ ድምሩ ያንሳል፤ ስለዚህ ከፍ ማለት ይጠቅመዋል። በጣም ከፍ ለማለት ግን መፍጠን አለበት፤ ሲፈጥን ደግሞ ካይኔቲክ ኢነርጂው ይጨምራል፤ ድምሩም ያድጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ምርጥ ስምምነት እኛ የምናውቀው ፓራቦላ ነው። ስሌቱ ከኒውተን ሕግ ጋር አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል። ነገር ግን ድንጋዩ መንገዱን ሁሉ አስቀድሞ እንዳየ ሰው ሆኖ መታየቱ የአንድን ብሩህ ልጅ አእምሮ እንቅልፍ የሚነሣ ነው።

ነሣውም። ፋይንማን እ.ኤ.አ. በ1942 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በጆን ዊለር መሪነት ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ ይኸው የትንሹ አክሽን መርሕ በኳንተም ሜካኒክስ ውስጥ ያለው ቦታ ነበር። በ1948 ባሳተመው ጥናት አንድ ኤሌክትሮን አንዱን መንገድ ብቻ መርጦ እንደማይሄድ፣ ይልቁንም የሁሉም መንገዶች አስተዋጽኦ መደመር እንዳለበት አሳየ። ይህ የኳንተም ሜካኒክስ አቀራረብ ዛሬ የቅንጣት ፊዚክስ ተመራማሪዎች የዕለት መሣሪያ ነው። በ1965 ከጁሊያን ሽዊንገርና ከሲን ኢቲሮ ቶሞናጋ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ተንኮሉ ግን አልለቀቀውም፤ በሎስ አላሞስ የአቶሚክ ቦምቡ ምስጢር የሚቀመጥባቸውን ካዝናዎች ቁልፍ እየፈታ ባለሥልጣናትን ሲያስደነግጥ ነበር።

በእኛም አገር ሊቅነትና ተንኮል በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ እንግዳ ነገር አይደለም። አለቃ ገብረ ሐናን ሕዝቡ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ የቤተ ክህነት ሰዎች ግን በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራውን የአቋቋም ስልት ያስገኙ ሊቅ መሆናቸውን አይዘነጉም። የሚገርመው፣ በአዋቂ ላይ ስናየው «ጨዋታ ዐዋቂ» ብለን የምናደንቀውን ጠባይ በልጅ ላይ ስናየው «ባለጌ» እንለዋለን። ዝም አይነቅዝም የሚለው ብሂል ለጎተራ እህል ተስማሚ ምክር ይሆናል፤ ለፊዚክስ ክፍል ግን እጠራጠራለሁ።

የምፔምባ ወተት

የቤደርን አድራጎት ዋጋ በሚገባ ለመረዳት ተቃራኒውን ማየት ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያሻንም፤ ታሪኩ የተፈጸመው በጎረቤታችን በምሥራቅ አፍሪካ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 በዛሬዋ ታንዛንያ በማጋምባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ወተት አፍልተው፣ ስኳር ጨምረውና አቀዝቅዘው፣ በፍሪጅ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ እያስቀመጡ አይስክሬም ይሠሩ ነበር። ሕጉ የፈላው ወተት መጀመሪያ መብረድ አለበት የሚል ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ተማሪው ሁሉ ይሽቀዳደማል። ኤራስቶ ምፔምባ የተባለው ተማሪ ቦታው እንዳያመልጠው ሕጉን ጥሶ ትኩሱን ወተት እንዳለ ከተተው። ሌላው ጓደኛው ደግሞ ጨርሶ ሳያፈላ አስገባ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሲከፍቱት የምፔምባ ወተት በረዶ ሆኗል፤ የጓደኛው ገና አልረጋም።

ልጁ ምክንያቱን የፊዚክስ መምህሩን ቢጠይቅ ተምታቶብህ ነው አሉት። በኋላ ምክዋዋ በተባለው የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኒውተንን የመቀዝቀዝ ሕግ ሲማሩ ጥያቄውን እንደገና አነሣው። የዚያኛውም መምህር መልስ ይህ የምፔምባ ፊዚክስ እንጂ የዓለም ፊዚክስ አይደለም የሚል ሆነ። ከዚያ በኋላ ልጁ በስሌት በተሳሳተ ቁጥር መምህሩም ተማሪዎቹም የምፔምባ ሒሳብ እያሉ ይስቁበት ጀመር። ስሙ በረባሾች ዝርዝር ላይ ከመጻፉ የከፋ ነገር ደረሰበት፤ ስሙ ራሱ የስሕተት መጠሪያ ሆነ።

ያዳነው አንድ እንግዳ ነው። ዴኒስ ኦዝቦርን የተባሉ በዳሬ ሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር ለንግግር ወደ ትምህርት ቤቱ በመጡ ጊዜ ምፔምባ በሁሉም ፊት ጠየቃቸው። ጓደኞቹ ሳቁ። ኦዝቦርን ጥያቄው እንግዳ ቢሆንባቸውም አልሳቁም፤ እንደሚሞክሩት ቃል ገብተው ሄዱና በቤተ ሙከራቸው አስሞከሩት። በ1969 የሁለቱን ስም የያዘ ጽሑፍ «ፊዚክስ ኤዱኬሽን» በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ፤ ክስተቱም እስከ ዛሬ የምፔምባ ውጤት ይባላል። መሳለቂያ የነበረው ስም የፊዚክስ ቃል ሆነ።

አንባቢ ምናልባት ልጁ ትክክል ነበርን ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እንዲህ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። በ2016 የወጣ አንድ ጥንቃቄ የተሞላበት ጥናት በውኃ ላይ ክስተቱን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አለመኖሩን አስታወቀ፤ የቴርሞሜትሩ ቦታ በጥቂቱ ሲለወጥ ውጤቱ እንደሚለወጥም አሳየ። በ2020 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች በውኃ ውስጥ በተንሳፈፈች ረቂቅ ቅንጣት ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ትኩስ የሆነው ሥርዓት ሞቅ ካለው ቀድሞ ሊቀዘቅዝ የሚችልበት ሁኔታ መኖሩን በማያሻማ መንገድ አስመዘገቡ። ክርክሩ አልቆመም። የኦዝቦርን ትልቅነት ግን ልጁ ትክክል ነው በማለታቸው አይደለም፤ መልሱን ከልጁ ጠባይ ሳይሆን ከማቀዝቀዣው በመፈለጋቸው ነው።

ጸጥ ያለ ክፍል የሚሸሽገው

ይህን ሁሉ ስናወሳ ጩኸት ሁልጊዜ የብሩህነት ምልክት ነው ወደሚል ከንቱ ድምዳሜ እንዳንሄድ መጠንቀቅ አለብን። ብዙው ጩኸት ጩኸት ብቻ ነው። ጸጥታም ብዙ ዓይነት ነው። ፋይንማን በ1950ዎቹ መጀመሪያ በብራዚል ሲያስተምር ያገኛቸው ተማሪዎች ሥነ ሥርዓት ያላቸው፣ የተነገራቸውን ሁሉ የሚጽፉና የሚያጠኑ ነበሩ። ስለ ብርሃን ፖላራይዜሽን ቃል በቃል ይመልሳሉ፤ ከክፍሉ መስኮት የሚታየው የባሕሩ ነጸብራቅ የዚሁ ምሳሌ መሆኑን ግን አያውቁም። ማንም አይረብሽም፤ ማንም ደግሞ አይጠይቅም።

ስለ ማስተዋል ከተነሣ ዘንድ የመስቃን ምድር ራሷ አንድ ጠቃሚ ነገር ታስተምረናለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በቡታጅራና በአካባቢዋ የጤና ጥናት መርሐ ግብር ጀመረ። የቡታጅራ ስም በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ዘንድ የታወቀው በዚህ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚያው በመስቃንና ማረቆ ወረዳ ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም በተጀመረው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ ከ68,000 በላይ ሰዎች ተጠይቀዋል። ተመራማሪዎቹ በሁለት ዘዴ ተጠቀሙ። አንደኛው ቤት ለቤት እየተዞረ የሚሞላ መጠይቅ ነው። ሁለተኛው የአካባቢውን ሰው የሚያውቁ ነዋሪዎችን፣ ጠባዩ የተለወጠ ወይም ያልተለመደ ጎረቤት እንዳለ መጠየቅ ነው። ሁለቱ ሲነጻጸሩ የጎረቤት ዓይን ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች ለማግኘት ከረጅሙ መጠይቅ ብዙም የማያንስ ሆኖ ተገኘ። በስሜት ላይ የሚደርሱትን ሕመሞች በማግኘት ረገድ ግን ደካማ ነበረ። ዓይን የሚይዘው ጎልቶ የሚታየውን ነው።

ተንኮለኛ ተማሪን ከታማሚ ጋር ማመሳሰሌ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ ዘንድ እለምናለሁ። የማነጻጽረው ተመልካቾቹን ነው። መምህርም እንደ ጎረቤት ነው፤ ከፈተና ወረቀት ይልቅ በየቀኑ የሚያየው ፊት ብዙ ይነግረዋል። ነገር ግን ዓይኑ ወደሚጮኸው ያደላል። ከመካከለኛው ረድፍ ተቀምጣ፣ የተሰጣትን ጥያቄ በአምስት ደቂቃ ጨርሳ፣ ቀሪውን ጊዜ የደብተሯን ጠርዝ በአበባ ሥዕል የምትሞላ ልጅ እንደ ፋይንማን ሰልችቷታል። ከቤቷ ተነሥታ ውኃ ቀድታ፣ የማለዳውን ሥራ አጠናቅቃ የመጣች ልጅ መጮኽ አልተማረችም፤ እንድትጮኽም አይፈቀድላትም። ስሟ በረባሾች ዝርዝር ላይ አይወጣም። ስለዚህ ቤደር እንኳ ቢሆኑ ሊያልፏት ይችሉ ነበር። የረባሾች ዝርዝር ከወንዶች ስም የማያልፍበት ክፍል ሲገጥመኝ ሴቶቹ ሁሉ ትምህርቱ ተስማምቷቸዋል ብዬ አላምንም።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። የመሰልቸት ተንኮል ብዙውን ጊዜ ነባር ጠባይ ነው፤ ልጁ ትናንትም ዛሬም ያው ነው። በፊዚክስ ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ መምህሩ የጠባዩን መጠን ብቻ ሳይሆን በጊዜ ውስጥ ያለውን ለውጥ ማየት አለባቸው። ተጫዋች የነበረ ልጅ በድንገት ጭምት ከሆነ፣ ጭምት የነበረው በድንገት ተደባዳቢ ከሆነ፣ ነገሩ ከካልኩለስ መጽሐፍ ጋር አይገናኝም። ረኀብ፣ የቤት ውስጥ ችግር፣ የዓይን ወይም የጆሮ ሕመም ሊሆን ይችላልና ለብቻው ጠርቶ መጠየቅ፣ እንዳስፈላጊነቱም ወደ ጤና ባለሙያ መምራት ይገባል። የሰለቸውን ልጅ መለያው ግን ቀላል ሙከራ ነው፤ ከበድ ያለና የሚያጓጓ ጥያቄ ስጡት። ጩኸቱ ከቀነሰ ምክንያቱ ተገኘ። ካልቀነሰ ሌላ ምክንያት ይፈለግ።

እንዲህ ያለው ሙከራ ጊዜ ይጠይቃል፤ የእኛ መምህራን ደግሞ ጊዜም ቦታም የላቸውም። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሠራጨው የፕላዝማ ትምህርት ሲጀመር፣ ያልታየው ሙከራ በየገጠሩ ይታያል፣ መምህር በሌለበት ትምህርት ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ የተሳካም ነገር ነበረበት። ነገር ግን ፕላዝማው ሲናገር አይሰማም። ከኋላ የተነሣው ጩኸት ምን እንደሚል ሊጠይቅ አይችልም፤ ፍጥነቱ ለሰለቸውም ለተደናገረውም አንድ ነው። በክፍሉ ውስጥ ለነበረው መምህር የተተወችው ጥቂት ደቂቃ ደግሞ ስም ለመጥራት እንኳ አትበቃም ነበር። ማስተዋልን ወደ መሣሪያ ማስተላለፍ እንደማይቻል ያኔ ብንማር መልካም ነበር።

ከሐረ ሸይጣን አፋፍ

መጽሐፍ በሌለበት ትምህርት ቤት ያለው መምህር ምን ይስጥ? የዉድስን ካልኩለስ ቡታጅራ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። የቤደርን ሁለተኛ ስጦታ፣ ማለትም የተወረወረውን ድንጋይ፣ ግን መስቃን ላይ ከደጃፍ ማግኘት ይቻላል።

ከቡታጅራ ወደ ደቡብ ጥቂት ሲኬድ በስልጤ ምድር ሐረ ሸይጣን የተባለው ሐይቅ አለ። በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ፣ ከመሬት ሥር የወጣ የቀለጠ ዓለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ በፈጠረው ፍንዳታ የተቆፈረ ክብ ጉድጓድ ነው። ግድግዳው እንደ ገደል የቆመ፣ ውኃው ከታች አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ ነው። ከአፋፉ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ውኃው ዘንድ አይደርስም እየተባለ ሲነገር ይሰማል። ሸይጣኑ ይይዘዋል ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው። ለተንኮለኛው ተማሪ ግን መልሱን አትንገሩት፤ ጥያቄውን ስጡት።

ለስሌት እንዲመች የግድግዳው ተዳፋት በሁሉም ቦታ 45 ዲግሪ ነው እንበል፤ እውነተኛው ገደል እንዲህ የተስተካከለ አይደለም። ጠንካራ ክንድ ያለው ልጅ ድንጋዩን በሰከንድ 20 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይወረውረዋል እንበል። የአየሩን መቋቋም ለጊዜው እንርሳው። አንዱ ተማሪ በአግድም ይወረውር። ድንጋዩ ወደፊት የሄደው ርቀትና የወረደው ርቀት እኩል ሲሆኑ ከግድግዳው ጋር ይጋጫል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የፍጥነቱ ካሬ በሁለት ተባዝቶ ለ9.8 ሲካፈል 82 ሜትር ገደማ ይሆናል። ድንጋዩ በ4.1 ሰከንድ ውስጥ 82 ሜትር ወደፊት፣ 82 ሜትር ወደ ታች ተጉዞ ተዳፋቱ ላይ ያርፋል። ውኃው ከዚያ ይልቅ ከራቀ ጨርሶ አይደርስም። ከላይ ለቆመው ሰው ግን ሐይቁ ከእግሩ ሥር ያለ ይመስለዋል። ዓይን በተዳፋት ላይ ርቀትን ያሳንሳልና አፈ ታሪኩ የተወለደው ከዚህ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ተማሪ በክፍል የተማረውን አስታውሶ፣ ሩቅ ለመወርወር 45 ዲግሪ ይሻላል ብሎ ወደ ላይ አንግቶ ይወርውር። ድንጋዩ የት ያርፋል? አስልታችሁ ብታዩት ያው 82 ሜትር ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ካረፈበት ነጥብ ላይ! ልዩነቱ 5.8 ሰከንድ መፍጀቱ ብቻ ነው። የ45 ዲግሪው ሕግ የሚሠራው በሜዳ ላይ እንጂ በገደል አፋፍ ላይ አይደለም። እዚህ ምርጡ ማዕዘን 22.5 ዲግሪ ነው፤ በዚያም ድንጋዩ ወደፊት 98 ሜትር ከግማሽ ያህል ይሄዳል።

እንግዲህ እውነተኛው ረባሽ እዚህ ላይ እጁን ያነሣል። «ቆይ! ድንጋይ ከመንገዶች ሁሉ ትንሹን አክሽን ይመርጣል ብላችሁ አልነበረምን? ታዲያ በአንድ ፍጥነት ተነሥቶ አንድ ቦታ ላይ በሁለት መንገድ እንዴት ይደርሳል? ከሁለቱ አንዱ ይበልጣላ!» ይህ ጥያቄ በየትኛውም ዝርዝር ላይ ሊያስጽፍ የሚገባ አይደለም። መልሱ ከላይ በጠቀስነው ቃል ውስጥ ተሸሽጓል። መርሑ የሚያወዳድረው በአንድ ሰዓት ተነሥተው በአንድ ሰዓት የሚደርሱትን መንገዶች ብቻ ነው። በ4.1 ሰከንድ ለመድረስ ከሚቻሉት መንገዶች ሁሉ የመጀመሪያው ይሻላል፤ በ5.8 ሰከንድ ከሚደርሱት ሁሉ ደግሞ ሁለተኛው። እርስ በርሳቸው አይወዳደሩም።

ሙከራውን በወረቀት እንጂ ከአፋፉ ላይ እንዳታደርጉት አሳስባለሁ፤ ገደሉ ያንሸራትታል፤ ከታችም ከብት የሚያጠጣ ሰው ሊኖር ይችላል። ሜዳ ላይ በቪዲዮ ካሜራ ወይም በሞባይል ስልክ የድንጋይን ፍጥነት መለካት ግን ይቻላል፤ የ20 ሜትሩ ግምቴ ለእናንተ ክንድ ይስማማ እንደሆነም በዚያው ታረጋግጣላችሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ለኋላ ወንበር ተማሪዎች የተተወ ነው። ተዳፋቱ 45 መሆኑ ቀርቶ 60 ዲግሪ ቢሆን፣ በአግድም ከተወረወረው ድንጋይ ጋር አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ሌላው ውርወራ ስንት ዲግሪ ወደ ላይ መሆን አለበት? አሁንም 45 ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ለማንኛውም ተዳፋት የሚሠራ ደንብ አለ፤ እርሱም ከምርጡ ማዕዘን ጋር የተያያዘ ነው። ደንቡን ያገኘ ተማሪ በክፍል ውስጥ ተነሥቶ እንዲናገር ይፈቀድለት፤ ማረጋገጫውን ሳይጨርስ ግን ለጎረቤቱ እንዳያንሾካሽክ።